አውሮፕላን የሌለው ነጭ መስመር

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ የማላውቅ ሰው ነኝ። ጂን መኖሩን አልክድም፣ ቁርአን ላይ አለ፣ እሱን የሚክድ ሙስሊም የለም፤ እኔ የማልቀበለው የሰውን ወሬ ነው። እገሊት ወንዝ ዳር እንዲህ አየች፣ እገሌ ጫካ ውስጥ እንዲህ ሆነ ሲባል ተነስቼ ሌላ ሥራ የምፈልግ ሴት ነበርኩ፣ እህቶቼ እንዲያውም ካንቺ ጋር ወሬ አይጥምም ይሉኛል። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ ይቺ ሴትዮ ድሮም ነገር ማጋነን ትወዳለች እንዳትሉኝ። ያየሁትን ነው የማወራው፣ ምን እንደነበረ ብትጠይቁኝ ግን ወላሂ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ነገሩ የሆነው ያ ክረምቱ እንቢ ያለበት ዓመት ነው። ጎንደር የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ ሰኔ እንዲሁ አለፈ፣ ሐምሌ ገብቶ ጃንጥላ የያዘ ሰው አይታይም፣ ጠዋት ደመናው ተሰብስቦ ጠቁሮ ጠቁሮ በቃ ሊዘንብ ነው ስንል ከሰዓት ላይ ብትን ይላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ምህላ ተያዘ፣ እኛም ሜዳ ወጥተን የዝናብ ሶላት ሰገድን። እኔና ባለቤቴ ጀማል ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከአባቴ የወረስነው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለን፤ ያኔ ጀማል ግማሹን መደርደሪያ አስለቅቆኝ ሶላር መሸጥ ጀምሮ ነበር፣ መብራት ያልደረሰበት ገጠር ድረስ ራሱ እየሄደ ጣሪያ ላይ ይገጥማል፣ ሥራውን ይወደዋል፣ እኔም ሱቁን ለእህቴ ትቼ አንዳንዴ አብሬው እሄድ ነበር።

እና ያን ሰሞን ሱቃችን ጨርቅ ሊገዛ የሚገባ ሰው ሁሉ ወሬው ስለ ሰማዩ ነው። ከፍ ብለው የሚያልፉ አውሮፕላኖች አሉ አይደል፣ ኋላቸው ነጭ መስመር የሚተዉ፣ ዝናባችንን የሚሰርቁት እነሱ ናቸው ይባላል። አንዱ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ዱቄት እየበተኑ ደመናውን ያባርሩታል ይላል፣ ሌላው የለም የራሳችን ሰዎች ናቸው፣ ደመናውን በጨው እየጎተቱ ወደሚፈልጉት አገር ይወስዱታል ይላል፣ አንዷ ደንበኛዬ ደግሞ የወተቷ ላም የነጠፈችው ያ ጭስ ሳሩ ላይ ስለወረደ ነው ብላ ምላ ተገዝታ ነገረችኝ። ጀማል ይስቃል። በብርድ ጠዋት ከአፋችን እንፋሎት ይወጣ የለ፣ የአውሮፕላኑም እንደዚያው ነው፣ እዚያ ላይ ብርዱ ከባድ ነው ይላቸዋል። ታዲያ አዘዞ የሚያርፈው አውሮፕላን ለምን መስመር አይተውም ብለው ይይዙታል፣ እሱ ዝቅ ብሎ ስለሚበር ነው ይላቸዋል፣ እነሱም አንተ ምን ታውቃለህ ብለው ይሄዳሉ። እኔ ከጀማል ጋር ነበርኩ። እመኑኝ፣ ያን ጊዜ አንድም ቀን ቀና ብዬ ያን መስመር በሙሉ ልቤ አይቼው አላውቅም።

አንድ ቀን አያ ዋሴ የሚባሉ ገበሬ ሱቃችን መጡ። አገራቸው ከኮሶዬ ወዲያ፣ ከደባርቅ መንገድ ወጣ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ስልካቸውን ለማስሞላት ኮሶዬ ድረስ መመላለስ ሰልችቷቸዋል፣ ሶላር ይተከልልኝ አሉ። ቀን ተቆረጠ፣ እኔና ጀማል በሚኒባስ ኮሶዬ ወረድን፣ አያ ዋሴ አህያቸውን ይዘው መንገድ ዳር ጠበቁን። ከመሄዳችን በፊት ሻይ በዳቦ ልንጠጣ አንዲት ሻይ ቤት ገባን፤ በሩ ላይ የቆሙት ወንዶች አንዳቸውም ወደ ውስጥ አያዩም፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተዋል። ምን እያዩ ነው አልኩ። አያ ዋሴ በአፍረት ዓይነት፣ ያን ነጭ መስመር እየጠበቁ ነው፣ በየቀኑ ያልፋል፣ እሱ ባለፈ ቁጥር ደመናችን ይሸሻል አሉ።

ሶላሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አህያዋ ላይ ጭነን ጉዞ ጀመርን። ኮሶዬን ታውቁት የለ፣ በክረምት ጉሙ አፍንጫችሁ ሥር ይቆማል፤ ያን ቀን ግን ቆላው እስከ ታች ወለል ብሎ ይታይ ነበር፣ ገብሱ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ሆኗል፣ የባቄላው ቅጠል ሲነኩት ይፈረካከሳል። ወንዶቹ ፊት ፊት እየሄዱ ያወራሉ፣ እኔ ከኋላ ነኝ። መንደሩ አናት ላይ ስንደርስ አህያዋ ቀጥ አለች። አያ ዋሴ መቷት፣ ጎተቷት፣ ወይ ፍንክች። ጆሮዋን ወደፊት ቀስራ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ታያለች። ደክሟት ነው ተባለ፣ ጀማል ሶላሩን ተሸከመው፣ ወረድን። ያኔ ነው አንድ ነገር የታወቀኝ፣ ወፍ የለም። መንገዱን ሁሉ ሲንጫጩ የነበሩ ወፎች መቼ ዝም እንዳሉ አላስተዋልኩም፣ ዝም ማለታቸው ብቻ ድንገት ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ለጀማል ልነግረው አስቤ ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት።

የአያ ዋሴ ሚስት ወይዘሮ ጠጄ ሸጋ ሴት ናቸው፣ እጃችንን አስታጥበው ቆሎ አቀረቡልን፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ኋላ ለብቻዬ ጓዳ ጠርተው እንደነገሩኝ ጎረቤቱ በሶላሩ ነገር ተቀይሟል። ከሁሉ የከፉት አያ ታከለ የሚባሉ ሰው ናቸው፣ መሬታቸው ከእነሱ ጋር ይዋሰናል፣ ሁለት በሬዎቻቸውን መኖ አጥተው ሸጠዋል፣ ያ መስታወት ነገር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲያብለጨልጭ ለላይኞቹ የመንገድ ምልክት ይሆናቸዋል ብለው መንደሩን አሳምነዋል። ባልሽ ቶሎ ጨርሶ ቢሄድ ይሻላል አሉኝ። እኔ ስወጣ ጀማል የአያ ዋሴን የብረት መሰላል አቁሞ ጣሪያው ላይ ወጥቷል።

ብዙም ሳይቆይ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ሆነው አጥሩ ጋ ቆሙ፣ ቀጥሎ ግቢው ሞላ፣ ሁሉም ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመዋል፣ የሚጮህ የለም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። አያ ታከለ ረዥም፣ ከሲታ ሰው ናቸው፣ በቀጥታ ወደ መሰላሉ ሄደው በሁለት እጃቸው ያዙት። አያ ዋሴ እንግዶቼ ናቸው ብለው ፊታቸው ተደነቀሩ፣ አያ ታከለ ግን ቀና ብለው ጀማልን ነበር የሚያናግሩት።

«ልጄ፣ እኛ ካንተ ጠብ የለንም» አሉት። «ምነው ግን ሰማዩን አታይም? ሰማዩን አረሱት፣ የኛ መሬት ጦም አደረ። ያን ነገር ይዘህ ውረድ።»

ጀማል በአክብሮት ነው የመለሰው፣ ይህ፣ አያ ታከለ፣ ፀሐይ የሚጠጣ ዕቃ ነው፣ ከሰማዩ ጋር ምንም አይነጋገርም፣ አንቱ ራስዎ መጥተው ይዩት አላቸው፣ ብሎኑን ሳላጠብቅ ብወርድ ዕቃው ይወድቃል፣ አንዴ ታገሱኝ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ከኋላ አንዱ መሰላሉን ውሰዱትና እዚያው ይደር አለ። የአያ ታከለ እጅ መሰላሉ ላይ ጠበቅ ሲል አየሁት። እሱን ካነሱት ጀማል መውረጃ የለውም፣ ከወረደም የሚወርደው በዱላ መሀል ነው፣ እኔ ደግሞ እዚያ አገር ከአያ ዋሴና ከወይዘሮ ጠጄ በቀር የማውቀው ሰው የለም። ልለምናቸው አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሀል አንዲት ሴት፣ ያውላችሁ አለች።

ሁላችንም ቀና አልን። ከገደሉ በኩል ነጭ መስመር እየመጣ ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት፣ እንደ ጥለት ቀጥ ያለ፣ እየረዘመ፣ ወደ እኛ። አያችሁ፣ ዓይኔ ጥሩ ነው፣ ክር መርፌ ውስጥ ሳስገባ መነጽር አልፈልግም፤ ጫፉ ላይ አውሮፕላኑን ፈለግሁ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር፣ ክንፍ፣ ነጥብ፣ ምንም። መስመሩ ይረዝማል፣ የሚያስረዝመው የለም። የሚሄድ ጫፍ ብቻ ነው። ድምፅም የለውም። ፀሐይዋ ይሆናል ዓይኔን የጋረደችው ብዬ በእጄ ከልዬ አየሁ፣ አሁንም የለም። ጎኔ የቆመችው ሴት፣ ዛሬስ ባዶውን ነው አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ከላይ አይደለም የመጣው፣ እመኑኝ፣ ከቆርቆሮው ነው። ንብ ቀፎ ውስጥ እንደምትለው ያለ ቀጭን እምምም የሚል ነገር ከጣሪያው ተነስቶ በመሰላሉ ብረት ወረደ፤ አያ ታከለ እጃቸውን አየት አድርገው መልሰው ያዙት፣ አልለቀቁትም። ግቢው ውስጥ የታሰሩት በጎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞሩ። ጀማልን አየሁት። ጀማል ቆሟል። የብሎን ቁልፉን እንደያዘ፣ አንድ እጁን የሶላሩ ብረት ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም። አያ ዋሴ ጠሩት፣ አልሰማም። ወይዘሮ ጠጄ የባላቸውን ጥሪ ሰምተው ከቤት ወጡ፣ እሳቸውም ጠሩት፣ አልሰማም። ጣሪያው እኮ የገጠር ቤት ጣሪያ ነው፣ ከፍታው ምን ያህል ነው፣ ሹክ ቢሉት ይሰማል።

እኔስ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ልጠራው ፈለግሁ፣ ወላሂ ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር የፈለግሁት፣ ድምፄ ግን እንቢ አለኝ። ከአፌ አንድ ቃል አልወጣም። መስመሩ አናታችን ላይ ደረሰ፣ ልክ ከቤቱ በላይ፣ ቆመ። አለፈ አላልኳችሁም፣ ቆመ።

ከዚያ ጀማል ድንገት እንደነቃ ሰው ተንቀሳቅሶ፣ እሺ እሺ አለና ቁልፉን ጣሪያው ላይ ትቶ ወደ መሰላሉ መጣ። እኔ በዚያች ሰዓት የማየው የአያ ታከለን እጅ ነው፣ አሁን ይነጥቁታል ብዬ። አልነጠቁትም። እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው መሰላሉን ደግፈው ያዙለት፣ ጀማል ወረደ፣ እጁን ይዘው ከግድግዳው አራቁት። ደጃፉን እንደለቀቅን ነበር መብረቁ የወረደው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ከአናታችን በላይ ደመና የለም፣ ዝናብ የያዘው ገና ከገደሉ ማዶ ነበር። ነጭ ብርሃን፣ ጆሮ የሚደፍን ድምፅ፣ ሁላችንም መሬት ላይ ነን። ቀና ስንል የሶላሩ መስታወት ረግፎ፣ ብረቱ ተጣሞ፣ ጣሪያው ላይ አንድ ቆርቆሮ ተቀዶ ጭስ ይወጣል። ወይዘሮ ጠጄ ቤት ውስጥ ቢሆኑ ከዚያች ቀዳዳ ሥር ነበር መቀመጫቸው። ሰው አልተጎዳም፣ አንድ በግ እንኳ አልሞተም።

ሰማዩን አየሁ። መስመሩ ጫፉ እንደተያዘ ክር ወደ መጣበት ወደ ኋላው እየተተረተረ ሄደ፣ ሄደ፣ ጠፋ። እሱ ከጠፋበት ከገደሉ በኩል ደግሞ ነፋስ ተነሳ፣ ቀዝቃዛ፣ አፈር አፈር የሚሸት፣ ደመናው እየተንከባለለ መጣ፣ መጀመሪያ ትላልቅ ጠብታ፣ ከዚያ ውኃው ወረደ። ሰዉ ከዝናቡ አልሸሸም። ዱላቸውን ጥለው ቆመው ይበሰብሳሉ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ አያ ታከለ ጀማልን አንገቱን አቅፈው ያለቅሳሉ፣ ጀማልም ያለቅሳል፣ እኔ ጭቃው ላይ እንደተቀመጥኩ አልሐምዱሊላህ አልሐምዱሊላህ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረኝም። ያን የመሰለ እፎይታ በሕይወቴ አላውቅም። ልጆቼን ስገላገል እንኳ እንደዚያ አልቀለለኝም።

መንገዱ በጎርፍ ስለተዘጋ እዚያው አደርን፣ የአያ ዋሴ ቤት ስለሚያፈስ ያሳደሩን አያ ታከለ ናቸው። እሳት ዳር ተቀምጠን ልብሳችንን ስናደርቅ ጀማል ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ደግ አደረግሽ ዛሬ አለኝ። ምኑን አልኩት።

«መጥራትሽን ነዋ። ሁለቴ ጠራሽኝ፣ ጀምዬ ውረድ፣ ጀምዬ ውረድ አልሽኝ። የመጀመሪያውን ከየት እንደመጣ አጥቼው ነበር።»

ጀምዬ ብዬ የምጠራው ቤታችን ውስጥ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ነው። በሰው ፊት ብዬው አላውቅም፣ እናቱ እንኳ አትለውም። አልጠራሁህም ልለው ነበር፣ ፊቱን ሳየው ግን ደስ ብሎታል፣ ሚስቴ አዳነችኝ ብሎ ልቡ ሞልቷል፣ ተውኩት። ጣሪያው ላይ ምን አየህ ብዬ ጠየቅሁት። ምንም፣ አንዴ ቀና አልኩ፣ ወዲያው ጠራሽኝ አለ። እኛ ግን ያየነው አንድ ጭብጥ ቆሎ ቆርጥመው እስኪጨርሱ ድረስ የቆመ ሰው ነው።

ጠዋት ሜዳው ሁሉ ውኃ ተኝቶበት፣ ጅረቶቹ ከገደሉ እየተወረወሩ፣ አያ ታከለ እስከ መንገዱ ሸኙን። ጀማል ቀድሞ ሲሄድ እኔን ወደኋላ አስቀሩኝ።

«ልጄ፣ አትደንግጪ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉኝ። «ትናንት መሰላሉን ላነሳው ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የሴት ድምፅ ውረድ ሲል ሰማሁና እጄ እንቢ አለኝ። አንቺ መስለሽኝ ዞር አልኩ። አፍሽን አየሁት፣ ዝግ ነበር። ድምፁ የመጣው ከላይ ነው።»

ሌላ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አያ ዋሴም ጠጄም እምም የሚለውን ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት አሉኝ።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። ክረምቱ ከዚያ ቀን በኋላ ሳያቋርጥ ዘነበ፣ ገብሱ ባይሆንላቸውም ጓያና ሽምብራ ዘርተው ዓመቱን ወጡት፣ አያ ታከለ በሬ ገዙ፣ ገበያ ሲወጡ ሱቃችን ሳይገቡ አይሄዱም። ጀማልም ለአያ ዋሴ ሌላ ሶላር ተክሎላቸዋል፣ አያ ታከለ ራሳቸው መሰላል ይዘውለት። ፀዳ ከተማ የምትኖረው እህቴ ሰምታ፣ መብረቅ ከሩቅ ደመናም ይወረወራል፣ ብረቱም የሚጮኸው ለዚያ ነው አለችኝ፣ እውነቷን ይሆናል፣ ጀማልም እንደዚያው ነው የሚለው። ስለ መስመሩ ስጠይቃቸው አውሮፕላኑ ርቆ ነው ያላየሽው ይሉኛል። ይሁን። ዝናብ ስለሚሰርቁት ሰዎች ሱቅ ውስጥ ወሬ ሲነሳ አሁንም አልገባበትም፣ አላምንምም። ያ መስመር የወሰደብን ነገር የለም፣ ባሌን ነው የመለሰልኝ፣ ማን ይሁን ምን፣ ውለታው አለብኝ።

ባሌ በሕይወት አለ፣ ልጆቻችን አድገዋል፣ ስለ ሌላው አላማርርም። አንዳንዴ ብቻ፣ ከሰዓት ላይ ገበያው ቀዝቅዞ፣ እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ጨርቅ ሳጥፍ፣ ጀማል ከሱቁ ጓዳ «አቤት!» ይላል። አልጠራሁትም። አፌን አልከፈትኩም። ትንሽ ቆይቶ መጋረጃውን ገልጦ፣ ጠራሽኝ እኮ ይላል፣ ፈገግ ብሎ።

«አዎ» እለዋለሁ፣ «ሻይ ልቅዳልህ ብዬ ነው።»